ተጠቃሚን በዲኤንኤስ ወደ ተሻለው ዳታ ሴንተር መምራት፦ ካርታውን ትታችሁ ለኩ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የአማርኛ ትረካና ፖድካስት ማዳመጫ መተግበሪያ አለን። አድማጮቻችን ኢትዮጵያ፣ ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው፣ እስራኤል፣ እንዲሁም ዱባይና ሪያድ ናቸው። ሰርቨሮቻችን ቨርጂኒያ፣ ፍራንክፈርትና ባህሬን ተቀምጠዋል። በጂኦ ዲኤንኤስ ከኢትዮጵያ የሚመጣውን ሁሉ ቅርብ ነው ብለን ወደ ባህሬን መራነው። አሁን ግን አዲስ አበባ ካሉት አንዳንዶቹ ቨርጂኒያ ላይ እየወደቁ ነው፤ ባህሬን የደረሱትም ከበፊቱ ባሰ ይሉናል። ዲኤንኤስ ለዚህ ሥራ ይሆናል ወይስ እንተወው?»

ይሆናል። ዲኤንኤስ የዶሜን ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉመው ሥርዓት ነው፤ ጂኦ ዲኤንኤስ ደግሞ ጠያቂው ያለበትን አገር ገምቶ መልሱን የሚለያየው። የእናንተ ቅንብር ግን የቆመው በሁለት ግምቶች ላይ ነው፤ ሁለቱም አያስኬዱም። አንደኛው ዲኤንኤስ ተጠቃሚውን ያየዋል የሚለው ነው። ሁለተኛው ካርታ ላይ የሚቀርብ ቦታ በኔትወርክም ይቀርባል የሚለው ነው። ቨርጂኒያ ላይ የወደቁት በመጀመሪያው ግምት ምክንያት ነው፤ ባህሬን ላይ የዘገየባቸው ደግሞ በሁለተኛው።

አዲስ አበባ ያለ አድማጭ መተግበሪያውን ሲከፍት ስልኩ የዶሜናችሁን አይፒ አድራሻ እናንተን አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሪዞልቨሩን፣ ማለትም በስሙ አድራሻ የሚፈልግለትን ሰርቨር ነው፦ የኢትዮ ቴሌኮምን ወይም የሳፋሪኮምን፣ አለዚያም ሰውየው ራሱ ስልኩ ላይ የሞላውን 8.8.8.8 (የጉግል) ወይም 1.1.1.1 (የክላውድፍሌር)። ሪዞልቨሩ መልሱን ካሹ (ለጊዜው ያስቀመጣቸው መልሶች) ውስጥ ካጣው ወደ ኦቶሪቴቲቭ ሰርቨራችሁ፣ ማለትም የዶሜናችሁን ዋና መልስ ወደሚሰጠው ሰርቨር ይመጣል። እናንተ ሎግ ላይ የሚመዘገበው እንግዲህ የሪዞልቨሩ አድራሻ ነው፤ የአድማጩ የትም የለም። ጂኦ ዲኤንኤሱም አገር የሚፈልገው በዚያ አድራሻ ነው። አንድ ሰው ሐዋሳ ሆኖ እየደወለ መቀሌ ላለው ወንድሙ ቅርብ የሆነ የባንክ ቅርንጫፍ ቢጠይቃችሁ፣ እናንተም የደዋዩን ቦታ ብቻ አይታችሁ ሐዋሳ ያለውን ብትጠቁሙት እንደማለት ነው።

ስለዚህ በዲኤንኤስ የሚሰጥ ውሳኔ ሁሉ ለአንድ ሪዞልቨር የሚሰጥ ውሳኔ ነው፤ ለአገርም፣ ለከተማም፣ ለግለሰብም አይደለም። ይህን ከያዛችሁ የቀረው ነገር በራሱ ቦታ ቦታውን ይይዛል።

ቨርጂኒያ ላይ ስለወደቁት። ማንኛውም ጂኦ ዲኤንኤስ ያልታወቀ ወይም ሕግ ያልተጻፈለት አድራሻ ሲመጣበት የሚመልሰው ዲፎልት መልስ አለው። የእናንተ ዲፎልት ቨርጂኒያ ይመስለኛል፤ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የከፈተውን ሰርቨር ዲፎልት አድርጎ ይተወዋል። አዲስ አበባ ሆኖ 8.8.8.8 የሚጠቀም አድማጭ ጥያቄው ወደ እናንተ የሚመጣው ሌላ አገር ካለ የጉግል ማሽን ነው፤ የዚያ ማሽን አድራሻ በጂኦ ዳታቤዛችሁ ውስጥ «አሜሪካ» ተብሎ ተመዝግቦ ከሆነ አለቀ። እዚሁ ላይ ዲፎልቱን ወደ ፍራንክፈርት ቀይሩት። ለማታውቁት ሰው የሚሰጥ መልስ ለሁሉም መካከለኛ የሆነው እንጂ ለአንዱ ወገን ጥግ የሆነው መሆን የለበትም።

ይህን ችግር በከፊል ለመፍታት የመጣ ነገር አለ፦ ኢዲኤንኤስ ክላየንት ሰብኔት፣ በአጭሩ ኢሲኤስ። አሠራሩ በ2016 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አርኤፍሲ 7871 በተባለ የኢንተርኔት አሠራር ሰነድ ወጥቷል። ሪዞልቨሩ ጥያቄውን ሲያስተላልፍ የተጠቃሚውን አድራሻ በከፊል አያይዞ ይልካል፤ በአይፒቪ4 አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹን 24 ቢቶች። የጉግል ሪዞልቨር ይልካል። የክላውድፍሌሩ 1.1.1.1 ለተጠቃሚ ምስጢር ሲባል አይልክም። ኳድናይን የተባለው ሪዞልቨርም በዋናው 9.9.9.9 አይልክም፤ ለሚፈልግ 9.9.9.11ን ለይቶ አስቀምጧል። እናንተ በኩል መደረግ ያለበት የዲኤንኤስ አቅራቢያችሁ ኢሲኤስን አንብቦ በሱ ላይ ተመሥርቶ መመለስ መቻሉን ማረጋገጥ ነው። ብዙዎቹ ይችላሉ፤ አንዳንዶቹ ግን በነባሪነት አያበሩትም።

ጥቅሙ ምን ያህል እንደሆነ የድር ይዘት አከፋፋዩ አካማይ በ2014 አሳይቷል። ኩባንያው ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሪዞልቨር አድራሻ ሲመራ ነበር፤ የሕዝብ ሪዞልቨር (እንደ 8.8.8.8 ለማንም ክፍት የሆነ) ለሚጠቀሙ ሰዎች ወደ ኢሲኤስ ሲዞር፣ ሪዞልቨራቸው ሩቅ በሆነባቸው አገሮች በተጠቃሚውና በሰርቨሩ መካከል ያለው አማካይ ርቀት ወደ ስምንት እጥፍ ገደማ ቀነሰ፣ የማውረጃው ጊዜም በግማሽ ያህል አጠረ። ዋጋም ተከፍሎበታል፦ ከእነዚያ ሪዞልቨሮች የሚመጣው የዲኤንኤስ ጥያቄ ብዛት በስምንት እጥፍ ገደማ ጨመረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሪዞልቨሩ ለሁሉም አንድ መልስ ካሽ ማድረጉ ቀርቶ ለእያንዳንዱ ሰብኔት (የተቀራረቡ አድራሻዎች ቡድን) የየራሱን መያዝ አለበት። በጥያቄ ብዛት የምትከፍሉ ከሆነ ይህን በጀት ውስጥ አስገቡት።

አሁን ወደ ባህሬን እንምጣ፤ እኔ ጥያቄያችሁ ውስጥ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ይመስለኛል።

ከአዲስ አበባ ባህሬን በአየር መስመር ወደ 2,300 ኪሎ ሜትር ነው፤ ፍራንክፈርት ወደ 5,300። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሄድ፣ ለደርሶ መልስ ለየ1,000 ኪሎ ሜትሩ 10 ሚሊ ሰከንድ ያስፈልጋል። በወረቀት ላይ እንግዲህ ባህሬን 23፣ ፍራንክፈርት 53 ሚሊ ሰከንድ ይወጣል። ፋይበር ግን እንደ ወፍ አይሄድም። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ዓለም አቀፍ ትራፊኳ የሚወጣው በጎረቤት አገሮች በኩል ነው፤ በተለይ በጅቡቲ። ጅቡቲ ላይ ከሚያርፉት ኬብሎች ዋና ዋናዎቹ በቀይ ባሕርና በግብፅ አድርገው ወደ አውሮፓ ይሻገራሉ። ከዚያ በላይ የሚወስነው ደግሞ ኔትወርኮቹ የት ይገናኛሉ የሚለው ነው። የአፍሪካ ኦፕሬተርና የባሕረ ሰላጤው ኦፕሬተር በቅርብ ቦታ ትራፊክ ለመለዋወጥ ካልተስማሙ የሚገናኙት ሁለቱም ወኪል ባላቸው ቦታ ነው፦ ማርሴይ፣ ፍራንክፈርት፣ ለንደን። እንዲህ ሲሆን ከቦሌ የተነሳ ፓኬት አውሮፓ ደርሶ፣ እዚያ ኔትወርክ ቀይሮ፣ ተመልሶ ወደ ባህሬን ይወርዳል። ፍራንክፈርት ያለው ሰርቨራችሁ መንገድ ላይ ታልፎ የሚኬድበት ሆነ ማለት ነው።

ይህ በእናንተ ላይ እየደረሰ እንደሆነ ለማወቅ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ፈልጋችሁ በኢትዮ ቴሌኮም አንድ ጊዜ፣ በሳፋሪኮም አንድ ጊዜ ወደ ባህሬኑ ሰርቨር ትሬስራውት (ፓኬቱ የሚያልፍባቸውን ራውተሮች በመስመር የሚዘረዝር ትዕዛዝ) እንዲያደርግ አድርጉ። ከመስመሮቹ አንዱ ላይ ጊዜው ድንገት በብዙ አሥር ሚሊ ሰከንዶች ከዘለለና በራውተሮቹ ስም ውስጥ የማርሴይ ወይም የፍራንክፈርት ምልክት ካያችሁ መልሱን አገኛችሁ። ሁለቱን ኦፕሬተሮች ለየብቻ ማየቱን እንዳትዘሉት፤ የአንዱ መንገድ የሌላው ላይሆን ይችላል፤ «ኢትዮጵያ» የሚል አንድ የጂኦ ሕግ ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ ይጨፈልቃቸዋል።

መንገዱም ቢሆን ባለበት አይቆይም። በየካቲት 2024 መጨረሻ ቀይ ባሕር ውስጥ ኤኤኢ-1፣ ሲኮምና ኢአይጂ የተባሉት ኬብሎች ተበጥሰዋል፤ በመስከረም 2025ም ጅዳ አቅራቢያ ሌሎች ኬብሎች ተጎድተዋል። (ወሮቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እንዲህ ያለ ቀን ከምሥራቅ አፍሪካ የሚወጣው ትራፊክ ይዞራል፣ ትናንት የተሻለው ዳታ ሴንተር ዛሬ ከሁሉ የባሰ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ለክቶ ሠንጠረዥ ጽፎ መተው ስለዚህ አያዋጣም፤ ልኬቱ ሁልጊዜ እየሠራ መሆን አለበት።

እንዴት ይለካ? ፒንግን እርሱት። እናንተ ከሰርቨር ወደ ሪዞልቨር የምትልኩት ፒንግ የሪዞልቨሩን ርቀት ይነግራችኋል፤ የአድማጩን አይነግራችሁም። መለኪያው ራሱ የአድማጩ ስልክ ይሁን። ከየመቶው አድማጭ አንዱን በዕጣ ምረጡ። ለተመረጠው መተግበሪያው ሥራውን ጨርሶ ሲያርፍ፣ ሰውየው የሚፈልገው ነገር ከተጫነለት በኋላ፣ ከሦስቱም ዳታ ሴንተሮች አንዳንድ በጣም ትንሽ ፋይል እንዲያመጣና የፈጀበትን ጊዜ እንዲልክላችሁ አድርጉ። ከእያንዳንዱ ሁለት ጊዜ ያምጣ፤ የመጀመሪያውን ጣሉት። የመጀመሪያው ውስጥ የዲኤንኤስ ፍለጋው፣ የቲሲፒና የቲኤልኤስ መጨባበጡ (ግንኙነት መክፈቻውና ማመስጠሪያው)፣ እንዲሁም ተኝቶ የነበረው የስልኩ ሬዲዮ የሚነቃበት ጊዜ ተደባልቆ ይገኛል። ሁለተኛው በተከፈተው ግንኙነት ላይ ስለሚሄድ ንጹሕ ደርሶ መልስ ነው። ሦስቱ የሚጠሩበትን ቅደም ተከተል በየጊዜው አዘበራርቁት፤ አለበለዚያ መጀመሪያ የሚጠራው ሁልጊዜ የሚከስር ይሆናል።

የቀረው አድማጩን ከሪዞልቨሩ ማገናኘት ነው። ለዚህ ያለው ዘዴ ቀላልና ደስ የሚል ነው። ለልኬት አንድ ንዑስ ዶሜን ለዩ፤ በሥሩ ማንኛውም ስም ቢጠራ መልስ እንዲያገኝ ዋይልድካርድ አድርጉት። መተግበሪያው ለእያንዳንዱ ልኬት በዘፈቀደ የወጣ ረጅም ቁጥር ስም አድርጎ ይጠራል፤ ለምሳሌ 83640271። ይህ ስም ከዚህ በፊት ተጠርቶ ስለማያውቅ በማንም ካሽ ውስጥ አይገኝም፤ ሪዞልቨሩ የግዱን ወደ እናንተ ይመጣል። በዲኤንኤስ ሎጋችሁ ላይ «83640271ን የጠየቀው ይህ ሪዞልቨር ነው» የሚል መስመር ይቀመጣል። ከአፍታ በኋላ በዌብ ሰርቨሩ ሎግ ላይ «83640271ን ያወረደው ይህ አይፒ ነው» የሚል መስመር ይከተላል። ሁለቱን በቁጥሩ ስታገናኙ የትኛው ሪዞልቨር ከጀርባው የትኞቹን ሰዎች እንደያዘ ታውቃላችሁ። በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚወጣው ሥዕል ማንም የጂኦ ዳታቤዝ ሻጭ ሊሰጣችሁ የማይችለው ነው። የአድማጭ አይፒ የግል መረጃ ስለሆነ ግን ማገናኘቱ ሲያልቅ መጨረሻውን ቆርጣችሁ ሰብኔቱን ብቻ አስቀሩ።

ከዚያ በየሪዞልቨሩ ሚዲያኑን (በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚወድቀውን ልኬት) አስሉ። ለማሳያ ብቻ ቁጥር ልስጥ፦ አንድ ሪዞልቨር ከኋላው 400 ልኬት አለው እንበል፤ ባህሬን 168፣ ፍራንክፈርት 121፣ ቨርጂኒያ 214 ሚሊ ሰከንድ። ይህ ሪዞልቨር ወደ ፍራንክፈርት ይሂድ፤ አገሩ ማን ይሁን ማን አያገባችሁም። አማካይ አትጠቀሙ፤ ሊፍት ውስጥ ገብቶ ኔትወርክ የጠፋበት አንድ ስልክ አማካዩን ያበላሸዋል። ከሚዲያኑ ጎን ግን 90ኛውን ፐርሰንታይል (ከመቶ ልኬት ዘጠናው የማያልፈውን ቁጥር) አስቀምጡ። ሚዲያኑ ጥሩ ሆኖ 90ኛው ከልክ በላይ ከራቀ፣ ወይ መንገዱ የተጨናነቀ ነው ወይ ከሪዞልቨሩ ኋላ ሁለት የተለያዩ ቦታ ያሉ ሕዝቦች አሉ። የልኬቶቹን ስርጭት ብትሥሉት ሁለት ጉብታ ይወጣል። የሕዝብ ሪዞልቨሮች ላይ ይህን ደጋግማችሁ ታያላችሁ፤ ኢሲኤስ የሚልክ ከሆነ በሰብኔት ትከፋፍሉታላችሁ፣ የማይልክ ከሆነ ለብዙኃኑ የሚሻለውን ትሰጣላችሁ፤ ለቀሩት በዲኤንኤስ የሚደረግ ነገር የለም። ከ50 በታች ልኬት ላለው ሪዞልቨር የራሱን ውሳኔ አትስጡ፤ የኦፕሬተሩን ሌሎች ሪዞልቨሮች ይከተል። ልዩነቱ ከ10 ሚሊ ሰከንድ ካልበለጠም ያለበትን አትንኩት፤ አለዚያ ጠዋትና ማታ ሲመላለስ ይኖራል። 50 እና 10 የኔ ልማድ ናቸው፤ የትራፊካችሁን መጠን አይታችሁ ቀይሯቸው።

ቪፒኤን የሚጠቀሙ አድማጮችም አሉባችሁ፤ አገር ቤትም በባሕረ ሰላጤውም ምክንያቱ የታወቀ ነው። ሰውየው ሪያድ ተቀምጦ በአምስተርዳም የሚወጣ ከሆነ ወደ ባህሬን መላኩ ቅጣት ነው፦ ፓኬቱ አምስተርዳም ሄዶ ወደ ባህሬን ይመጣል፣ ከዚያ ተመልሶ አምስተርዳም፣ ከዚያ ሪያድ። «ሰውየው በእርግጥ የት አገር ነው?» ብሎ የሚደክም የጂኦ ዳታቤዝ እዚህ ላይ ይጎዳችኋል። ልኬቱ ግን ስለ ሰውየው ግድ ስለሌለው ትክክለኛውን ይመልሳል፦ ፍራንክፈርት።

የመልሱ ዕድሜ ላይ፣ ማለትም ቲቲኤል፣ 60 ሰከንድ ያስኬዳል። ከዚያ ብታሳጥሩት ትርፉ ትንሽ ነው፤ ስልኮች አድራሻ ለመፈለግ ደጋግመው ይጠብቃሉ እንጂ። 60 ብትጽፉም ግን በ60 ሰከንድ ሁሉም ሰው ይዞራል ብላችሁ አታቅዱ። አሳጥሮ የተሰጠውን ቲቲኤል የሚያስረዝሙ ሪዞልቨሮች አሉ፣ መልሱን በራሳቸው የሚይዙ ፕሮግራሞች አሉ፤ በመተግበሪያ በኩል ደግሞ አንድ ጊዜ የተከፈተ ግንኙነት እስኪዘጋ ድረስ ዲኤንኤስ ምን እንዳለ አይጠይቅም። አንድ ዳታ ሴንተር ለጥገና ስታወጡ ሰርቨሩ ራሱ ግንኙነቶቹን በቀስታ እንዲዘጋ ማድረግ ያለባችሁ ለዚህ ነው። አይፒቪ6 ካላችሁም የኤ እና የኳድ ኤ መዝገቦች (የአይፒቪ4 እና የአይፒቪ6 አድራሻ የሚይዙት) አንድ ዳታ ሴንተር ላይ ማመልከታቸውን እዩ፤ አንዱ ተቀይሮ ሌላው ተረስቶ የቀረበት ሲስተም ብዙ አይቻለሁ፣ ምልክቱም «አንዳንድ ስልክ ላይ ብቻ ይዘገያል» የሚል ስሞታ ነው።

ሰርቨር ሲወድቅ ሪዞልቨሮቹን ወደ ቀጣዩ የሚያዞረው የጤና ምርመራ ከአንድ ቦታ ብቻ አይሁን። ምርመራው «ሦስቱም ሞተዋል» ካለ ደግሞ አትመኑት፤ መጀመሪያ የሞተው መርማሪው ሳይሆን አይቀርም። ያን ጊዜ መልሱን ባለበት መተው ነው።

«ኤኒካስትስ?» የሚል ይኖራል። በኤኒካስት ሦስቱም ቦታ አንድ አይፒ ያውጃሉ፤ ምርጫውን ቢጂፒ (ኔትወርኮች መንገድ የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል) ያደርጋል፤ የሪዞልቨሩ ጣጣም ይቀራል። ግን ቢጂፒ የሚያየው የኔትወርኮችን ቁጥርና የኦፕሬተሮችን ውል ነው፤ ሚሊ ሰከንድ አያውቅም። የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች በ2015 ባወጡት ጥናት የቢንግ ተጠቃሚዎች አንድ አምስተኛ ያህሉ በኤኒካስት ከሁሉ ወደማይሻለው ቦታ ይመሩ እንደነበር አሳይተዋል። የራሳችሁ የአድራሻ ብሎክና የኤኤስ ቁጥር (የኔትወርክ መለያ) ከሌላችሁ ደግሞ ከአቅራቢ መከራየት ነው። ለኦቶሪቴቲቭ ዲኤንኤስ ሰርቨሮቻችሁ ግን ኤኒካስት ያለው አቅራቢ ያዙ፤ ያኛው ላይ አልከራከርም።

ሳትጠይቁኝ የምጨምረው አንድ ነገር አለ። የእናንተ ትራፊክ አብዛኛው ድምፅ ነው፤ መተግበሪያውም የራሳችሁ ነው። ዌብሳይት ብቻ ያለው ሰው የማያገኘው ዕድል ነው ይህ። የድምፅ ፋይሎቹን ለሲዲኤን (ፋይል በብዙ ቦታ ካሉ ሰርቨሮች ለሚያከፋፍል አገልግሎት) ስጧቸው፤ የማይለወጥ ፋይል ለማከፋፈል ራሳችሁ መልፋት የለባችሁም። ለመግቢያው፣ ለፍለጋውና ለማዳመጫ ታሪኩ ደግሞ ዲኤንኤስ የመጀመሪያውን በር ብቻ ያሳይ። ስልኩ ከገባ በኋላ የሦስቱን ዳታ ሴንተሮች ዝርዝር ተቀብሎ፣ ራሱ ለክቶ፣ የተሻለውን ይምረጥና ለሚቀጥለው ጊዜ ያስታውስ። ያኔ 1.1.1.1 ኢሲኤስ ባይልክም አያስጨንቃችሁም፤ የሚወስነው ስልኩ ነው። ኔትወርክ ሲቀይር፣ ከሞባይል ዳታ ወደ ዋይፋይ ሲሻገር፣ እንደገና ይለካ።

ዳታቤዛችሁ ያለው ቨርጂኒያ ብቻ ከሆነስ? ፍራንክፈርት የደረሰ ጥያቄ ሁሉ ለመልስ አትላንቲክን የሚሻገር ከሆነ ያሳጠራችሁት መጨባበጡን ብቻ ነው። እሱም ቀላል አይደለም፤ በቲኤልኤስ 1.3 አዲስ ግንኙነት እስከ መጀመሪያው መልስ ሦስት ደርሶ መልስ ይፈልጋል፣ ሁለቱ ቅርብ ቦታ ቢያልቁ ጥሩ ነው። ነገር ግን አንድ ገጽ ለመሙላት ሰርቨሩ ዳታቤዙን አምስት ጊዜ ተራ በተራ የሚጠይቅ ከሆነ ትርፉ ሁሉ እዚያ ይበላል። ስለዚህ ቢያንስ የሚነበበውን ዳታ ቅጂ ፍራንክፈርት አስቀምጡ።

ባህሬንን መዝጋት አለብን ወይ ለምትሉት፣ አሁን አትዝጉት። ዱባይና ሪያድ ያሉት አድማጮች ከእሱ ይጠቀሙ ይሆናል፤ ያውም በኦፕሬተር ይለያያል፣ በአገር ብቻ አትፍረዱ። እስራኤል ላሉት ግን ከፍራንክፈርት ጀምሩ። ለዛሬ ዲፎልቱን ወደ ፍራንክፈርት አዙሩ፣ የኢትዮጵያንም ሕግ ወደዚያው። ኢሲኤስ መብራቱን እዩ፣ ከዚያ ልኬቱን ትከሉ። የመጀመሪያው የሁለት ሳምንት ውጤት ሲደርሳችሁ ከኋላው ብዙ አድማጭ ያለውን ሪዞልቨር ከላይ አድርጋችሁ ደርድሩት። የመጀመሪያዎቹን 20 ሪዞልቨሮች በእጅ ብታስተካክሉ አብዛኛው ስሞታ ይቆማል፤ የቀረውን በኋላ በፕሮግራም ታደርሱታላችሁ።